ክርክር፦ ከድሩፓል 7 ወጥተን ወዴት? ዎርድፕረስ ወይስ ሂዩጎ?

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁም። የአማርኛ ፊደል አራሚያችን ድረ ገጽ እስካሁን የተቀመጠው ድሩፓል 7 በሚባለው የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ላይ ነው። ከጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ የድሩፓል ማኅበረሰብ ለዚህ እትም የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣት አቁሟል። ስለዚህ መልቀቃችን ቁርጥ ነው። የቀረቡልኝ ሐሳቦች ሦስት ናቸው፦ ወደ አዲሱ ድሩፓል ማደግ፣ ዎርድፕረስ የሚባል ሌላ ማስተዳደሪያ ውስጥ መግባት፣ ወይም እንደ ሂዩጎ ባለ መሣሪያ ገጾቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ። ሁሉም ምክንያቱን ይዞ ይምጣ። «የለመድኩት ይሄን ነው» ብቻውን አይበቃም።

ሰርቨር ጠባቂ
ድሩፓልን ቶሎ እንለፈው። ከ7 ወደ አዲሱ መሄድ አፕዴት አይባልም። ድሩፓል 8 በ2015 ሲወጣ ውስጡ እንደ አዲስ ስለተሠራ፣ ገጽታውንም ሞጁሎቹንም (ተጨማሪ ክፍሎቹንም) እንደገና መሥራት ይጠበቅብናል። ለአሥር ሰው ፕሮጀክት ይህ አይታሰብም።

የእኔ ድምፅ ለሂዩጎ ነው። ሰርቨሩን ሌሊት ተነሥቶ የሚያይ ሰው የለንም። ኦክቶበር 15 ቀን 2014 ይፋ የሆነውን የድሩፓል 7 ቀዳዳ አስታውሱ። ማስተካከያው በወጣ በሰዓታት ውስጥ ጥቃቱ ጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደኅንነት ቡድኑ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያላደሰ ሁሉ ድረ ገጹ ተሰብሯል ብሎ ይነሣ አለ። ከእኛ መካከል ፈተና ላይ ያለ አለ፣ መብራት የጠፋበት አለ፣ ፈረቃ የገባ አለ። በ7 ሰዓት ማን ይደርሳል? በሂዩጎ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ያለቀለት የኤችቲኤምኤል ፋይል ብቻ ነው። የሚሮጥ የፒኤችፒ ፕሮግራም የለም፣ ዳታቤዝ የለም፣ የሚሰረቅ የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ የለም። ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ቢከርም ገጹ ይከፈታል።

አርታኢዋ
ሰርቨር ጠባቂ፣ ድካምህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን የነገርከን ሰርቨሩን የሚያይ ሰው እንደሌለን ነው። ጽሑፉን የሚያይልንስ ማን ነው? የቃላት ዝርዝሩን የሚያርሙልን የአማርኛ መምህራን ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት በስልካቸው ነው። ስህተት ሲያዩ ይገባሉ፣ ያርማሉ፣ «አስቀምጥ» ይጫናሉ፣ በቃ። ነገ ሂዩጎ ገብተን ጊት የሚባለውን የፋይል ለውጥ መዝጋቢ ተማሩ፣ ፑል ሪኩዌስት (የለውጥ ጥያቄ) ክፈቱ ስንላቸው ስንቱ ይቀራል?

ይህ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሞዚላው የድረ ገጽ ገንቢዎች መመሪያ ኤምዲኤን እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ማንም ተመዝግቦ የሚያርመው ዊኪ ነበር። ዲሴምበር 2020 ላይ ጽሑፉ የጊት ፋይሎች ወደሚቀመጡበት ድረ ገጽ ወደ ጊትሃብ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈረንሳይኛና ጃፓንኛ ያሉት ተንከባካቢ ቡድን ስላገኙ ተረፉ፤ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ግን ከገጹ ተነሡ። የእኛ ቋንቋ ከየትኛው ወገን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ጀማሪ ገንቢ
እህታችን፣ ስለ መምህራኑ ያልሽው ልክ ነው። ስለ ኤምዲኤን ያልሽው ግን ግማሹ ነው። የተነሡት ትርጉሞች በዊኪው ጊዜም የሚያድሳቸው አጥተው ያረጁ ነበሩ። አንባቢ የድሮ መረጃ እያነበበ ይሳሳት ነበር። በሌላ በኩል ኩበርኔቲስ የሚባለውን የሰርቨር ፕሮግራሞች ማስተዳደሪያ መመሪያ ድረ ገጽ እዩ። በ2018 ጄክል ከሚባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ወደ ሂዩጎ ተዛወረ፤ ዛሬ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ፎልደር አለው፣ የራሱ ገምጋሚዎች አሉት፣ ማን ምን እንደቀየረ ይታያል። እኛ ዘንድ ባለፈው ጊዜ የመጫኛ መመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ ጠፍቶ፣ ማን እንዳጠፋው እንኳ አላወቅንም።

አርታኢዋ
የኩበርኔቲስ ተርጓሚዎች መሐንዲሶች ናቸው፣ ጊት የቀን ሥራቸው ነው። የእኔ መምህራን አይደሉም። ደግሞ ማን ምን እንደቀየረ ዎርድፕረስም ይመዘግባል፤ ለዚያ ጊት አያስፈልግም።

አንጋፋው
ልጆች፣ ዎርድፕረስን ያለ ጠበቃ አትፍረዱበት። ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ በጂፒኤል የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚሠራጭ፣ ከመንፈሳችን ጋር የሚሄድ ሥራ ነው። ከ3.7 እትም ወዲህ፣ ማለትም ከ2013 ጀምሮ፣ የደኅንነት ማስተካከያዎችን ራሱ አውርዶ ራሱ ይጭናል። ሰርቨር ጠባቂ የፈራው የ7 ሰዓት ሩጫ በዚህ በእጅጉ ይቀላል። አደጋው ያለው ሰው ያለ ልክ በሚከምረው ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ላይ ነው። ሦስት አራት ፕለጊን ብቻ ይዞ የሚኖር ዎርድፕረስ ብዙ አያስቸግርም።

ይሁንና በአማርኛ ለሚሠራ ሰው አንድ ጣጣ አለበት፤ አስቀድማችሁ እወቁት። ዎርድፕረስ ርዕሱን ወስዶ የገጹን አድራሻ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ነው፤ አድራሻ ውስጥ በመቶኛ ምልክት ሲጻፍ 9 ቦታ ይይዛል። የአድራሻው ቦታ በዳታቤዙ ውስጥ 200 ብቻ ስለሆነ፣ አማርኛው 21 ወይም 22 ፊደል ላይ ይቆረጣል። እስቲ የራሳችንን ሁለት ገጾች ውሰዱ፦ «የአማርኛ አራሚን በሊብሬኦፊስ ላይ ስለመጫን» እና «የአማርኛ አራሚን በሊብሬኦፊስ ላይ ስለማስወገድ»። የመጀመሪያው «ስለመ»፣ ሁለተኛው «ስለማ» ላይ ይቆረጣል፤ ልዩነታቸው አንድ ፊደል ብቻ ይሆናል። ሊንኩን ያየ ሰው መጫኛው የቱ፣ ማስወገጃው የቱ እንደሆነ አይለይም። መድኃኒቱ አድራሻውን በላቲን ፊደል በእጅ መጻፍ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ገጽ፣ ሁልጊዜ።

ጀማሪ ገንቢ
ጋሼ፣ ይህን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ። በሂዩጎም አድራሻው ያው ይረዝማል፤ ነገር ግን ሳይነግረን አይቆርጥብንም። አድራሻው የሚወሰደው ከፋይሉ ስም ነው፣ ስሙን የምናወጣው ደግሞ እኛ ነን። በተለመደው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት የፋይል ስም እስከ 255 ባይት ስለሚሄድ 80 ፊደል ገደማ እንጽፋለን።

ፍለጋውንም እናስብበት። ሂዩጎ ሰርቨር ላይ የሚፈልግ ሞተር የለውም፤ ማውጫውን ራሳችን አዘጋጅተን አብረን እናስቀምጣለን። ይህ ለእኛ ይጠቅመናል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰንጠረዥ አራሚያችን ውስጥ አለ። ዎርድፕረስ እንዳለ ሲወሰድ «ሠራ» ብሎ የፈለገን ሰው «ሰራ» ወዳለበት ገጽ አያደርሰውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
የሆስቲንጉ ሂሳብ ከእኔ ካርድ ነው የሚቆረጠው፣ በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ግን ነገ እኔ ብታመም ወይም ካርዴ ቢዘጋ፣ አዲስ አበባ ያለ ልጅ በዶላር ለመክፈል የሚገጥመውን ችግር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጊትሃብ ገጽ ማስተናገጃ ለእኛ ዓይነቱ ነፃ ነው፤ ድረ ገጹ እስከ 1 ጊጋባይት፣ በወር እስከ 100 ጊጋባይት ትራፊክ። የእኛ ጽሑፍ ለዚያ እሩቡም አይደርስ። ከዚያ በኋላ የሚቀረን የዶሜይኑ ክፍያ ብቻ ነው፣ እሱም ለብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል።

አንጋፋው
ጊትሃብ ከ2018 ጀምሮ የማይክሮሶፍት ነው። በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ባሉ ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ መጣሉን አትርሱ። ነፃ የተባለ ቤት የባለቤቱ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ
እውነት ነው ጋሼ። ለዚህም ነው ዳታቤዝ የማልፈልገው። በሂዩጎ ከሄድን፣ ማርክዳውን የሚባሉት ተራ የጽሑፍ ፋይሎቻችን በየኮምፒውተራችን ሙሉ ቅጂ ይኖራቸዋል። ጊትሃብ ቢዘጋብን በዚያው ቀን ኮድበርግ በሚባለው ተመሳሳይ ድረ ገጽ ላይ፣ ወይም ማንኛውም ተራ ሰርቨር ላይ እናወጣቸዋለን። ዎርድፕረስም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። በሴፕቴምበር 2024 ከዎርድፕረስ መሥራቾች በአንዱና ደብልዩፒ ኤንጂን በሚባለው የዎርድፕረስ አስተናጋጅ ኩባንያ መካከል ጠብ ሲነሣ፣ የኩባንያው ደንበኞች ፕለጊን ከሚያድሱበት ከማዕከላዊው ገጽ ተቆርጠው ነበር። በጠቡ ውስጥ ምንም የሌሉበት ሰዎች ናቸው የተጎዱት።

ለአርታኢዋ ደግሞ አንድ መንገድ ላቅርብ። ዴካፕ የሚባል፣ ቀድሞ ኔትሊፋይ ሲኤምኤስ ይባል የነበረ ኦፕን ሶርስ መሣሪያ አለ። መምህሩ የሚያየው ተራ የመጻፊያ ቅጽ ነው፤ «አስቀምጥ» ሲል ከኋላ ጊት ውስጥ ይገባል።

አርታኢዋ
አይቼዋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን አይመችም፤ ቅጹና ቅድመ እይታው ተጣበው ጽሑፉ አይነበብም። በዚያ ላይ መግቢያ አካውንት ይፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ እንስማማ፦ የመዝገበ ቃላቱ ክፍል ብቻ በሙከራ ይዘጋጅ፣ እኔ ለመምህራኑ እልካለሁ፣ በገዛ ስልካቸው አንድ እርማት ያስገቡ። ማስገባት ከቻሉ ድምፄን ለሂዩጎ እሰጣለሁ። ካልቻሉ ግን ዎርድፕረስ ነው፤ ሰርቨሩን የሚጠብቅ አንድ ሰው መፈለግ ሃያ መምህር ከመፈለግ ይቀላል።

ሰርቨር ጠባቂ
ይሁን። ግን ከገጹ ግርጌ «እርማት ላክ» የሚል ቀላል ቅጽም ይግባበት፣ ያለ አካውንት። የሚመጣውን እኔና ጀማሪ ገንቢ እናስገባለን።

አርታኢዋ
እናንተ ሥራ የበዛባችሁ ሳምንትስ? የተላከ እርማት ወር ሙሉ ከተኛ መምህሩ ሁለተኛ አይልክም። ከእኔ በኩል አንድ ሰው የማስገባት ፈቃድ ይሰጠው።

አንጋፋው
ይሰጠው። እስከዚያው ግን ማንም ቢያሸንፍ የማይቀር ሥራ አለ፦ ጽሑፉን ከድሩፓሉ ዳታቤዝ አውጥቶ ወደ ማርክዳውን መቀየር፣ የድሮዎቹን አድራሻዎች ዝርዝር ይዞ ወደ አዲሶቹ ማዞር። በየትምህርት ቤቱ ታትሞ የተለጠፈው ሊንክ የድሮው ነው። ዝርዝሩን ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ፤ የዳታቤዙን ባክአፕ የያዘ ይላክልኝ።