የለካሁት ፓዝ ሎስ ከሃታ ሞዴል በ30 ዲቢ በለጠብኝ፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ናችሁ ልጆች፣ ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ዋየርለስ ኮሙኒኬሽን እየወሰድኩ ነው እና ለፕሮጀክቱ የራሴን ከተማ ፓዝ ሎስ (ሲግናሉ ከታወር እስከ ስልክ መንገድ ላይ የሚያጣውን ኃይል) ልለካ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስልክ ይዤ ከከዚራ ተነስቼ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ መጋላን ውስጥ ለውስጥ ስዞር ነበር፣ ግማሹን በእግሬ ግማሹን በባጃጅ፣ በዛ የድሬ ሙቀት። ኔትወርኩ ኤልቲኢ ነው፣ 1800 ሜጋኸርዝ፣ ባንዱ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት አለው። አፑ በየሰከንዱ አርኤስአርፒውን (ስልኩ ጋ የደረሰውን የሲግናል ኃይል) ከጂፒኤስ ጋር ይመዘግብልኛል። ከዛ የታወሩን ፓወር 46 ዲቢኤም፣ የአንቴናውን ጌይን (ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቦ የሚጨምረውን) 17 ዲቢ ብዬ ያዝኩና ከድምሩ ላይ አርኤስአርፒውን ቀነስኩ። የወጣልኝ ፓዝ ሎስ ግን ሃታ (ፓዝ ሎስን ከርቀትና ከፍሪኩዌንሲ የሚገምተው ፎርሙላ) ከሚለው አብዛኛው ቦታ ላይ ወደ 30 ዲቢ ይበልጣል። 30 ዲቢ ማለት እኮ አንድ ሺ እጥፍ ነው! የከዚራ ዛፎች ናቸው እንዳልል መጋላም ያው ነው። ሁለት ሌሊት ፓይተን ኮዱ ላይ አፍጥጬ አደርኩ ምንም አላገኘሁም። ዳታውን ጥዬ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ?

ገንደ ቆሬ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ሃታን እራሱን እዪው። ኦኩሙራ ቶኪዮ ላይ ለክቶ በ1968 ያወጣቸውን ግራፎች ነው ሃታ በ1980 ወደ ፎርሙላ የቀየራቸው፣ እሱም ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ ከ1 እስከ 20 ኪሎሜትር፣ ታወሩም ከ30 ሜትር በላይ ሲሆን ነው የሚሰራው። አንቺ ያለሽው 1800 ላይ ነው፣ ከከዚራ መጋላ ደግሞ ስንት ነው? አብዛኛው ነጥብሽ ከታወሩ 1 ኪሎሜትር አይርቅም። ኮስት 231 የሚባለውን የሃታ ማራዘሚያ ተጠቀሚ፣ እሱ እስከ 2000 ይሄዳል።

የጀጎል ልጅ፦
ገንደ ቆሬ ያለው ልክ ነው፣ ግን 1800 ላይ ሃታና ኮስት 231 የሚለያዩት በ2 ዲቢ ገደማ ነው፣ 30ውን አያመጣም። አቦ ችግሩ ሌላ ጋ ነው፣ እኔም አምና እዚሁ ላይ ተሰናክዬ ስለነበር ሳየው ነው የታወቀኝ። አርኤስአርፒ የሙሉው ባንድ ፓወር አይደለም፣ የአንዲት ሰብካሪየር (ባንዱ ከሚከፋፈልባቸው ቀጫጭን ቻናሎች የአንዷ) ብቻ ነው፣ የ15 ኪሎኸርዝ። 20 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ 1200 ሰብካሪየር አለ። አንቺ የተላከውን በሙሉው ወስደሽ የደረሰውን በአንዷ ለክተሻል ማለት ነው። 1200 ወደ ዲቢ ሲቀየር 30.8 ነው፣ ስለዚ 46 ያልሽው 15.2 መሆን ነበረበት። ዳታሽን እንዳትጥዪው፣ ምንም አልሆነም!

ግን ሴል አይዲ (ሲግናሉ ከየትኛው ታወር እንደመጣ የሚለየውን ቁጥር) መዝግበሻል? ይሄን በጣም ነው የምልሽ፣ ምክንያቱም ስልኩ እየሄድሽ ከታወር ታወር ይዘላል፣ አንቺ ርቀቱን ከመጀመሪያው ታወር እየቆጠርሽ ከሆነ ግማሹ ግራፍሽ የሌላ ታወር ነው። በባጃጅ የለካሽውን ደግሞ ለብቻው አውጪው። 1800 ላይ ዌቭሌንግዙ 16.7 ሳንቲሜትር ነው፣ ፌዲንጉን (ሲግናሉ ከየግንቡ ተንጸባርቆ ሲደባለቅ በትንሽ ርቀት ውስጥ ከፍ ዝቅ ማለቱን) ለማጥፋት አማካይ የሚወሰደው በ40 ዌቭሌንግዝ ርቀት ነው ይባላል፣ ወደ 7 ሜትር መሆኑ ነው። ባጃጅ በሰዓት ሰላሳ ኪሎሜትር ቢሄድ በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ያልፋል፣ በየሰከንዱ አንድ ንባብ ከሆነ ከምኑ ላይ ነው አማካይ የምትወስጂው? በእግር፣ ያውም ቀስ ብለሽ። አማካዩንም ወደ ሚሊዋት ቀይረሽ ነው እንጂ በዲቢው ላይ እንዳትወስጂ፣ ፌዲንጉ ሬይሌይ (ታወሩ በቀጥታ የማይታይበት ዓይነት) ከሆነ 2.5 ዲቢ ዝቅ ያደርግብሻል።

እኔ ሐረር ላይ ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ስገባ በጥቂት እርምጃ 15 ዲቢ ሲወርድ አይቻለሁ፣ መንገዱ ጠባብ ነው ግንቡ ድንጋይ ነው፣ ሲግናሉ የሚደርስሽ ጣራ ላይ ተጣጥፎ ነው። እሱ ፌዲንግ ሳይሆን ሻዶዊንግ (ግንብ ወይም ቤት ሲጋርደው የሚመጣ መቀነስ) ነው፣ ሪፖርትሽ ላይ ሁለቱን ለያይተሽ ጻፊ፣ ውጤትሽ እሱ ነው።

የሳቢያኗ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ!! 30.8ቱን ሳወጣው ልዩነቱ ወደ 1 ዲቢ ወረደ፣ አላምን ብዬ ሦስቴ ነው ያሰላሁት። ሴል አይዲውም አለ፣ አፑ ይዞታል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት፣ ሦስት ታወር ላይ ነበርኩ ለካ። አሁን የቀረኝ የደቻቱ ነው፣ አሸዋው ላይ የለካኋቸው ነጥቦች ብቻ ፓዝ ሎሳቸው ከሌላው በጣም ያንሳል፣ ላውጣቸው?

የጀጎል ልጅ፦
አታውጪያቸው! ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሆነሽ ታወሩ ፊት ለፊት ይታይሻል፣ መሀል ላይ ቤት የለም፣ ማነስ አለበት። ታወሩ የሚታይባቸውንና የማይታይባቸውን ለሁለት ክፈዪና ለየብቻ መስመር አስገቢባቸው፣ የደቻቱ ኤን (ፓዝ ሎሱ ከርቀት ጋር ምን ያህል ቶሎ እንደሚያድግ የሚያሳየው ቁጥር) ወደ 2 ይጠጋል፣ የመጋላው ከ3 በላይ ቢሆን አይግረምሽ። የሬይሌይ ሂስቶግራም ግን ከዚህ ዳታ አትሞክሪ፣ ስልኩ ንባቡን ራሱ አለስልሶ ነው የሚሰጥሽ።

ገንደ ቆሬ፦
ቅዳሜ ደግመሽ የምትወጪ ከሆነ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ውጪ፣ እኔም መጥቼ አንዱን ስልክ እይዝልሻለሁ።