ጥቆማ፦ ቹንቾን አዲስ ለገባች መምህርት የቤት ዕቃ ከየት ይገዛ?

ገና ገቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ከተማ ከገባሁ 12 ቀኔ ነው። ከአሜሪካ መጥቼ በአንድ ሀግዎን፣ ማለትም በግል ማስጠኛ ትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የተሰጠኝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ህዮጃ ዶንግ፣ ከካንግዎን ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው። ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያና ምድጃ አለው፤ ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛና ወንበር ግን የለውም። አንዱ ዳይሶ ወደሚባለው የርካሽ ዕቃ መደብር ሂጂ ይለኛል፣ ሌላው ኩፓንግ ከሚባለው የኢንተርኔት ገበያ እዘዢ፣ ሌላው ደግሞ ዳንግን በሚባለው የሰፈር ሰዎች ያገለገለ ዕቃ በሚሸጡበት የስልክ መተግበሪያ ላይ አሮጌ ፈልጊ ይለኛል። ከሦስቱ የቱ ይሻላል? የውጭ ዜጋ መታወቂያዬ ገና አልወጣም፤ ስልኬም ቅድመ ክፍያ ነው። ከሁሉ በፊት የቸኮልኩት ለድስቱ ነው። ሽሮ ይዞ መጥቶ ድስት ማጣት ምን ይባላል?

የሱወኗ
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ሳህን፣ ጭልፋ፣ መጥረጊያ፣ የልብስ መስቀያ ሁሉ ከዳይሶ ግዢ። ዋጋው ከ500 ዎን ጀምሮ ቢበዛ 5,000 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሸጡት ነገር የለም። ወፍራም ድስት ግን በ5,000 ዎን አትጠብቂ። እሱን ከትልልቆቹ መደብሮች ወይም ከገበያ ፈልጊ።

የዴጉ መምህር
ሦስቱንም ተዪአቸው። እኔ ዴጉ ስገባ ከቤቴ ሥር ባለው የአንዲት አጁማ፣ ማለትም የአንዲት ጎልማሳ ሴትዮ፣ ሱቅ ነው ቤቴን ያቋቋምኩት። ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ከእሷ ነው። ሰባት ዓመት ሆነው፤ ድስቱ ዛሬም አለ። ስገባ ቡና ትሰጠኛለች፣ ስወጣ መንደሪን በከረጢት ትጨምርልኛለች። አጁማዬን የሚያህል የለም።

የሱወኗ
ወንድሜ፣ ባለፈው ዓመት ከእሷ ገዛሁት ብለህ ፎቶውን የለጠፍከው የሻይ ማንቆርቆሪያ 14,000 ዎን ነበር። ያንኑ ማንቆርቆሪያ እኔ በ5,000 ገዝቼዋለሁ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንኳን አንድ ነው።

የዴጉ መምህር
የአንቺው መንደሪን ጨመረልሽ?

ተመልካች
ጠያቂዋ ያለችው ቹንቾን፣ አጁማ ያለችው ዴጉ። ድስት ለመግዛት በአውቶቡስ ከሦስት ሰዓት በላይ ተጉዛ፣ መንደሪን በልታ ትመለስ ማለት ነው። ግሩም ጥቆማ ነው፤ እናመሰግናለን።

በኪሳራ የተማረ
ጥያቄው የድስት መሆኑን አውቃለሁ። ስልክ ካነሣሽ ግን ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። መታወቂያዬ በወጣ ማግስት ከትምህርት ቤቴ ፊት ለፊት ወዳለ የስልክ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ወንበር ሳበልኝ፣ መጠጥ አቀረበልኝ፣ ከዚያ «ስልኩ ኮንግጃ ነው» አለኝ። ኮንግጃ በነጻ ማለት ነው። ከኮሪያኛ ሁሉ ቀድሜ የያዝኩት ቃል እሱ ሆኖ አረፈው። አምስት ቦታ ፈረምኩ። ወር ሲሞላ 98,000 ዎን ክፈል ተባልኩ። ለካ የስልኩ ዋጋ ለ24 ወር ተከፋፍሎ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር ተደርቦ ኖሯል። ውዱን የክፍያ ዓይነት ለ6 ወር መቀየር አይቻልም፤ ያልጠየቅሁት የስልክ መድንም አለበት። ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለኝ ውል የ1 ዓመት፣ ከስልኩ ጋር የ2 ዓመት! ልሄድ ስነሣ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍዬ ነው የወጣሁት።

እናት ዓለም
የት ነው ሱቁ? ስሙን ጻፍልን።

በኪሳራ የተማረ
ስሙን አልጽፍም። ደግሞም በራሴ እጅ ነው የፈረምኩት።

ቡሳን ያለሁት
እኔንም ይኸው ነገር ገጥሞኛል! የእኔማ የታብሌት ውልም ተጨምሮበት ነበር። ታብሌቱን ዛሬም ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

እናት ዓለም
አይ የሰው አገር! እንግዳን እንዲህ ማድረግ ነውር ነው።

ቡሳን ያለሁት
በአገራችንስ የማይነበብ ውል የለም እንዴ?

የሱወኗ
እባካችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አልቱልፖን የሚባሉት አሉ። የሦስቱን ትልልቅ የስልክ ድርጅቶች መስመር ተከራይተው በርካሽ የሚሸጡ ናቸው። ስልክሽን ከአሜሪካ ይዘሽ መጥተሽ የለ? ሲም ካርድ ብቻ ግዢ፤ የ2 ዓመት ውል ውስጥ አትግቢ።

ከአዲስ አበባ
ይቅርታ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለእንግሊዝኛ መምህርነት መምጣት ይቻላል? ዲግሪዬ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው።

አሮጌ ነዋሪ
ተስፋ ልሰጥህ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ኢ-2 ቪዛ በዋናነት የ7 አገሮች ዜጎችን የሚመለከት ነው፦ አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። እንግሊዝኛህ ምንም ያህል ቢያምር የሚታየው ፓስፖርትህ ነው። የኮሪያ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ግን አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የመጡት በእሱ ነው። ወደዚያ ብታተኩር ይሻልሃል።

የታሪክ ወዳጅ
ቹንቾን ገብቶ ስለ ድስት ብቻ ማውራት ይገርማል። እህቴ፣ ያረፍሽበትን ከተማ ታውቂዋለሽ? የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1951 መጥተው የተዋጉት በዚያው አካባቢ ተራሮች ላይ ነው። ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1968 በምረቃው ላይ ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ዛሬም እዚያው ይሠራል። ቹንቾንና አዲስ አበባ እህትማማች ከተሞች ናቸው። መጀመሪያ እዚያ ሂጂ፣ ቡና ጠጪ፣ ከዚያ ስለ ወንበር ታስቢያለሽ።

ተመልካች
እስካሁን ያገኘችውን ልቁጠር፦ መንደሪን፣ የሰው ዕዳ፣ የቪዛ ትምህርትና የጦር ሜዳ ታሪክ። ድስት የለም።

አሮጌ ነዋሪ
ተመልካች እውነቱን ነው። ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ከመግዛትሽ በፊት ስለ ቆሻሻ እወቂ። እዚህ ትልቅ ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ሶፋ ወይም ጠረጴዛ ደጅ ለማውጣት ለከተማው ከፍለሽ ተለጣፊ ወረቀት ትለጥፊበታለሽ። ስለዚህ ቤት የሚለቅ ሰው ከፍሎ ከሚጥለው በነጻ ቢሰጠው ይመርጣል። ዳንግን ውስጥ «ናኑም» ብለሽ ፈልጊ፤ ማካፈል ማለት ነው። በተለይ በዩኒቨርሲቲ ሰፈር፣ ትምህርት በመጋቢት ስለሚጀመር፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ተማሪ ሁሉ ቤት ሲለቅና ሲገባ ጠረጴዛና ወንበር በየቀኑ ይወጣል። ወሩ እንደ ፈረንጆቹ ነው። የሻጩን ምግባር የሚያሳይ ቁጥርም አለ፤ ሁሉም ከ36.5 ዲግሪ፣ ከሰው ገላ ሙቀት ይጀምራል፤ ጥሩ ሰው ከሆነ ይሞቃል፣ ክፉ ከሆነ ይቀዘቅዛል። ከ36.5 በታች የሆነውን እለፊው።

ኩፓንግ ፈጣን ነው፤ ፈጣን መላኪያ ያላቸው ዕቃዎች ማታ ታዘው በማግስቱ በር ላይ ይገኛሉ። የኮሪያ ባንክ ካርድ እስክታወጪ ድረስ ግን ባልደረባሽ ትዘዝልሽ፣ አንቺ ገንዘቡን በእጅ ስጫት። ለብርድ ልብሱ እንዲህ ይሻላል። መታወቂያውን በገባሽ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት ግዴታ ነው፤ ግራ ከገባሽ ወደ ውጭ ዜጎች መረጃ መስመር፣ 1345 ደውዪ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሱልሻል።

ድስቱን ከገበያ ግዢ። ናምቹንቾን ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከሐዲዱ ሥር የሚውል ፑንግሙል የሚባል ገበያ አለ። በ2 እና በ7 በሚያልቁ ቀናት ይቆማል፤ በ2፣ በ7፣ በ12 እያለ ይሄዳል። ልክ እንደ አገራችን የገበያ ቀን ነው፤ ገበሬው ጎመኑን መሬት ላይ ዘርግቶ ታገኚዋለሽ።

እናት ዓለም
ጎመን አለ? እንጀራውስ? ጤፍ ከየት ይገኛል?

ቡሳን ያለሁት
ጤፍ በተራ ሱቅ የለም። ቹንቾን ግን የሜሚል (በእንግሊዝኛ ባክዊት) አገር ነው፤ ማክጉክሱ የሚባለው ታዋቂው የከተማው ኑድል የሚሠራው ከዚያ እህል ነው። ጠቆር ያለ ዱቄት ነው። እኔ ሦስት ቀን አብኩቼ ጋገርኩት። ዓይን አወጣ፤ ጣዕሙ የጤፍ አይደለም፣ ግን ወጥ ይሸከማል።

እናት ዓለም
ሦስት ቀን በክረምት ነው በበጋ?

ቡሳን ያለሁት
በክረምት፣ ወለሉ ላይ አስቀምጬ። ቤቱ ከወለሉ ሥር ስለሚሞቅ ሊጥ ያቦካል። አከራዬ ሽታውን ሲሰማ ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ገና ገቢ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ይህን ያህል ሰው ይመልሳል ብዬ አልጠበቅሁም። የስልኩን ታሪክ ሳነብ ማታ እንቅልፍ አጣሁ። ድስቱ ተገኘ! ወፍራም ነው፣ ክዳን አለው፤ ትናንት ሽሮ ሠርቼበት ፎቁ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ሸተተ። አሁን የቸገረኝ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ነው። አምስት ቁልፍ አለው፣ ሁሉም በኮሪያኛ ነው፤ አንዱን ስጫን ወለሉ እንደ ምጣድ ጋለ። ከቤት ስወጣ ላጥፋው ወይስ ልተወው?

የሱወኗ
ብርድ እስካለ ድረስ ፈጽመሽ አታጥፊው፤ ቧንቧው ይቀዘቅዛል። «ዌቹል» የሚለውን ተጫኚ፤ ከቤት መውጣት ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጎ ያቆየዋል። በስልክሽ ካሜራ አንሥተሽ በፓፓጎ ብታስተረጉሚው ሁሉንም ያነብልሻል።

አሮጌ ነዋሪ
ድስቱን ከየት እንደገዛሽው ግን አልነገርሽንም። ሌላ አዲስ ገቢ ቢጠይቅ እንድንነግረው ነው።

የዴጉ መምህር
ወፍራም ነው፣ ክዳን አለው አለች እኮ። ከአጁማ ካልሆነ ከየት ሊሆን ነው?