ልጅና ሥራ ይዞ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦
የሦስት ልጆች እናት ስሆን፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ የምሸጥበት አነስተኛ የባልትና ሥራም አለኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና የበርበሬ ቀንጣሾቹ ክፍያ፣ የእቁቡ መዋጮ፣ የልጄ ሳል ሁሉም በአንድነት ይመጣብኛል። ሐሳቤን ለማጥራት ብዬ ማስታወሻ መጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላኝ ተውኩት። መቼና ምን ብጽፍ እንደሚሻል ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለረጅም ጊዜ የሐሳቤንም የሱቄንም ነገር በአንድ ደብተር እጽፍ ነበር። ስለ ድካሜ መጻፍ ጀምሬ ዓይኔ ያልተከፈለ ዱቤ ላይ ሲያርፍ፣ ጽሑፉ ወዲያው ሒሳብ ሆኖ ይቀር ነበር። የቀለለኝ ደብተሮቹን ስለያቸው ነው።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። እንቅልፍን በሚመለከት፣ በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። ከ57 ወጣቶች ገሚሱ በመኝታ ሰዓት ለ5 ደቂቃ በቀጣዮቹ ቀናት የሚሠሩትን፣ ገሚሱ ደግሞ ሠርተው የጨረሱትን ጻፉ፤ የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከእነርሱም በዝርዝር የጻፉት ይበልጥ ፈጠኑ። ስለዚህ «በርበሬ» ብለሽ ከመተው፣ «ረቡዕ ጠዋት 20 ኪሎ ወደ ወፍጮ ቤት» ብለሽ ጻፊ። ልብን የሚያከብደውን ነገር ግን በየቀኑ መጻፍ የግድ አይደለም፤ ፔኔቤከርና ቢል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የተካፈሉት ተማሪዎች የጻፉት ለ4 ተከታታይ ምሽቶች፣ በየምሽቱ 15 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ የደረሰባቸውን ከነስሜቱ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ለሕክምና መመላለሳቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ጽፈው እንደ ጨረሱ ግን ይበልጥ ከፍቷቸው ነበርና፣ አንቺም ሆድ ሲብስሽ አትደንግጪ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ሐኪም ማየት አለብሽ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብተሩን ልጆቼ ቢያነቡትስ?

መልስ፣ ከዳንግላ፦
ልጄ፣ እኔ ማር እየነገድኩ አራት ልጆች አሳድጌአለሁ። ምስጢሬን ጽፌ ስጨርስ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ነገሩ ከሆዴ ከወጣ ወረቀቱ አያስፈልገኝም። የምጽፈው ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ሰዓት ፈልጌ አላገኘሁም። የዘለልሽውን ቀን ልሙላ ደግሞ አትበይ፤ እኔን ደጋግሞ ያስተወኝ እርሱ ነበርና የዛሬውን ብቻ ጽፈሽ ደብተሩን ዝጊው።