የሥራ ቱታ የት እናሳጥብ? በምንስ እንጠበው? (ጥቆማ)

የጋራዥና የብየዳ ቱታ የት እንደሚታጠብ ለጠየቃችሁ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን ልብሱ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለዩ። ግሪስ፣ የባትሪ አሲድና የፀረ ተባይ መድኃኒት አንድ ሳፋ ውስጥ አይገቡም። ከልጆች ልብስ ጋርማ ጭራሽ!

ግሪስ ብቻ ከሆነ ላውንደሪ አያስፈልግም፣ እቤት ይለቃል። ቱታው ሳይርስ ቅባቱ ላይ ላርጎ ጠብ አድርጉና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ ዘፍዝፉት። ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ከነከረው በኋላ ነው ላርጎ የሚጨምረው፤ ያኔ ሳሙናው ይቀጥንና ግሪሱ እንዳለ ይቀራል። አጃክስ ለአንገትጌና ለእጅጌ ጥሩ ነው። ግን እንደ ድሬዳዋ ውሃው ጨዋማ በሆነበት አካባቢ ደረቅ ሳሙና ጨርቁ ላይ ነጭ ነገር ትቶ ይቀራል። ለተራ ቱታ ብዙም ችግር የለውም። እሳት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ቱታ ላይ ግን ያ ቅሪት ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ለእሱ ኦሞ ወይም ፈሳሽ ሳሙና ይሻላል። የልብስ ማለስለሻ የሚባለውንም አታስነኩት፣ በረኪናም እንደዚያው።

በረኪና ካነሳን አይቀር፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ቱታቸውን በቤንዚን የሚያጥቡ ልጆች ደግሞ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ግሪሱን ያስለቅቃል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ወዲያ ያለውን ከሰል ወይም የብየዳ ብልጭታ ያገኛል። ሽታው ካልጠፋ ቱታው ደረቀ አይባልም፣ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም መግባት የለበትም።

ላውንደሪ የምትሰጡ ሰዎች፣ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለብቻው ታጥባላችሁ ወይ? በረኪና ትጨምራላችሁ ወይ? ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ልብሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። የብዙ ሠራተኛ ልብስ ያላችሁ ድርጅቶች ለሆቴልና ለሆስፒታል የሚያጥቡትን ብታነጋግሩ ይሻላችኋል፣ ሙቅ ውሃና ትልቅ ማሽን አላቸው።

እቤት እየመጡ ለሚያጥቡ እናቶች የምትሰጡ ከሆነ ልብሱ ላይ ያለውን ንገሯቸው፣ ጓንትም ግዙላቸው። ባዶ እጃቸውን ነው የሚያሹት! የባትሪ ቤት ቱታ ግን ለእነሱ ባይሰጥ ይሻላል። አሲዱ ብቻ አይደለም፣ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ብናኝ አለበት፤ ሲራገፍ ይበናል፣ ልጆች ይተነፍሱታል። ስለዚህ አታራግፉት፣ እዚያው ሥራ ቦታ አውልቁትና በፌስታል አስራችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

ዝዋይ፣ ሆለታ ወይም ሰበታ የአበባ እርሻ ላይ መድኃኒት የምትረጩ እህት ወንድሞቼ፣ ያንን ልብስ ጭራሽ ወደ ቤት አትውሰዱት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ልብስ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ እጥበቱንም እዚያው እንዲያመቻች በማኅበራችሁ በኩል ጠይቁ። ያልተበረዘ መድኃኒት የፈሰሰበት ልብስ ግን ታጥቦም አይለበስ፣ ይወገድ።

የአንፀባራቂ ሰደርያ ጉዳይም ተጠይቋል። በእጅ፣ በለብ ያለ ውሃ፣ ብሩሽ ሳይነካው እጠቡት። የብሩ መስመር ላይ ካውያ አታሳርፉ፣ ጥላ ላይ አስጡት። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ጨርቅ ላይ ስንት ጊዜ ሊታጠብ እንደሚችል ተጽፏል፣ 25 ወይም 50 የሚል ታገኛላችሁ። ጽሑፉ ከጠፋ ማታ መብራት አጥፍታችሁ በስልክ ፍላሽ ከአዲስ ሰደርያ ጎን ፎቶ አንሱት። ፈዝዞ ከታየ ቀይሩት።