ስሪዲ ሞዴሌ በየጉድጓዱ ዙሪያ ክብ ክብ እየሰራ አስቸግሮኛል፣ ችግሩ ሶፍትዌሩ ነው ወይስ ዳታው?

ሎግ_ሰብሳቢ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዋናው ሙያዬ ጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ ስራ) ነው፣ ጂኦሎጂ የማውቀው በኮርስ ደረጃ ነው። አሁን የገባሁበት ፕሮጀክት የአንድ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃና የመሬት አጠቃቀም ፕላን ነው፣ አለቆቼ "ከስር ያለውን ንብርብር በስሪዲ አሳየን፣ የት እንደሚቆፈር፣ የት ቆሻሻ መድፊያ መሆን እንደሌለበት ከሱ ላይ አይተን እንወስናለን" አሉኝ። እጄ ላይ 64 የጉድጓድ ሎግ (ሲቆፈር በየጥልቀቱ የተገኘው የተመዘገበበት) አለ፣ ገሚሱ ቆፋሪዎች በእጅ የሞሉት ወረቀት ነው፣ ከዛ ውጪ አንድ የቆየ 1፡250,000 ጂኦሎጂካል ካርታ አለኝ።

የሰራሁት እንዲህ ነው፣ ሎጎቹን ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ፣ ሸክላ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ አለት ብዬ አራት ቦታ ከፈልኳቸው፣ ከዛ የእያንዳንዱን ጥልቀት ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ኢንተርፖሌት አደረግኩ፣ ማለትም በጉድጓዶቹ መሃል ያለውን ሶፍትዌሩ እንዲገምት አደረግኩ። የወጣው ነገር ያሳፍራል። የአለቱ ካርታ ፈንጣጣ የነካው ፊት መስሏል፣ በየጉድጓዱ ዙሪያ ክብ ጉብታ ወይ ክብ ጎድጓዳ ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የአሸዋው ታች ከሸክላው በላይ ወጥቶ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ። አንዱ ጉድጓድ ላይ አለቱ 31 ሜትር ላይ ነው፣ ከሱ 400 ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ላይ 118። ክሪጊንግ ወደሚባል ሌላ የግምት ስሌት ቀየርኩት፣ ትንሽ ለስለስ አለ እንጂ ያው ነው። የሚከፈልበት ሶፍትዌር ብንገዛ ይሻል ይሆን? ሪፖርቱ በሶስት ሳምንት ይፈለጋል።

ደረቅ_ጉድጓድ፦
ወንድሜ ብርህን አታባክን፣ ሶፍትዌሩ የሰጠኸውን ነው የመለሰልህ። የ31 ሜትሩን ጉድጓድ ወረቀት አውጣና የመጨረሻውን መስመር እይ፣ "አለት" ይላል ወይስ ቁፋሮው እዛ ጋ ስለቆመ አንተ ነህ አለት ያልከው? ስንቱ ላይ እንዳየሁት፣ የጉድጓዱን መጨረሻ ወስዶ የአለት መጀመሪያ ያደርገዋል። ቆፋሪ እኮ በቂ ውሃ ካገኘ ያቆማል፣ ነዳጅ ካለቀ ያቆማል፣ ቢቱ (የመቆፈሪያው ጥርስ) ከተበላ ያቆማል፣ አለቱ ገና 90 ሜትር ታች ሊሆን ይችላል።

ግን እነዚህን ጉድጓዶች እንዳትጥላቸው፣ እሱ ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። አለት ያልነካ የ31 ሜትር ጉድጓድ "አለቱ እዚህ ጋ ከ31 ሜትር በታች ነው" እያለህ ነው፣ እሱም ዳታ ነው። በመጀመሪያ አለት በነኩት ብቻ የአለቱን ሰርፌስ (የላይኛውን ገጽ) ስራ፣ ከዛ ያልነኩትን ጫንበትና ሰርፌሱ ከጉድጓዱ መጨረሻ በላይ የወጣበትን ቦታ ፈልግ፣ እዛ ጋ ብቻ ወደታች ታወርደዋለህ። ፈንጣጣው ግማሹ በዚህ ይጠፋል።

ሌላ፣ የሰራኸው በጥልቀት ነው ወይስ ከባህር ጠለል በላይ ባለ ከፍታ? ሸለቆ ነው ብለሃል፣ በጥልቀት ከሰራህ የመሬቱ ዳገትና ቁልቁለት በሙሉ አለቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የጉድጓዱ አፍ ከፍታ ከጂፒኤስ የመጣ ከሆነም ተጠንቀቅ፣ አንዳንዱ መሳሪያ የሚሰጥህ ከኤሊፕሶይድ (ለመሬት ቅርጽ ከተወሰደ ለስላሳ የስሌት ገጽ) በላይ ያለውን ከፍታ ነው፣ በሱና በባህር ጠለል መካከል ያለው ልዩነት እንደየቦታው በአስር ሜትሮች ይቆጠራል፣ አለም ላይ እስከ 100 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። ሁለቱን ከቀላቀልክ የሌለ ፎልት (የአለት ስብራት) ትፈጥራለህ። የሁሉንም አፍ ከፍታ ከአንድ ዲኢኤም (የመሬት ከፍታ ዲጂታል ካርታ) ብታነብ ይሻልሃል።

እህተ_ጠጠር፦
ጋሼ ደረቅ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን ከኢንተርፖሌሽኑ በፊት ሌላ ነገር እላለሁ። ኮምፒውተሩን ዝጋና አምስት ስድስት ክሮስ ሴክሽን (መሬቱ በቁመት ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳይ ስዕል) በእርሳስ ስራ፣ ሁለቱ በሸለቆው ርዝመት ሌሎቹ በወርዱ፣ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ አይነት ነገር ማሳየት አለባቸው፣ ካልተገጣጠሙ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል። ሶፍትዌር ነጥብና ነጥብ ያገናኛል እንጂ ወንዝ እንዴት ደለል እንደሚጥል አያውቅም። ጠጠር በድሮ ወንዝ መስመር እንደ ገመድ ይሄዳል፣ ሁለት ጉድጓድ ላይ ተገኘ ተብሎ በመሃል ያለው ሁሉ ጠጠር አይደለም፣ የሸክላው ነገር ደግሞ ሀይቅ የነበረበት ቦታ ሰፊና ቀጣይ ይሆናል፣ ወንዝ ዳር ከሆነ ቁርጥራጭ ነው። ይሄን የምትወስነው አንተ ነህ፣ የቆየ ያልከው ካርታ እና እግርህ ያግዙሃል፣ የወንዙ ገደል የተቆረጠበት ቦታ ካለ ሄደህ ቆመህ እየው።

ንብርብሮቹ የሚቆራረጡት እያንዳንዱን ታች ለብቻው ስለሰራኸው ነው። ውፍረቱን ኢንተርፖሌት አድርግና ከላይ ጀምረህ ቀንስ፣ ንብርብሩ በሌለበት ጉድጓድ ላይ ባዶ ሳይሆን ዜሮ ጻፍ። በባዶና በዜሮ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፣ ባዶ "አላየሁም" ነው፣ ዜሮ "አየሁ፣ የለም" ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም ባዶ ትቶት ሸክላው ሸለቆውን ሙሉ ሸፍኖ ይወጣለታል።

የቆፋሪ ሎግ ላይም አንድ ነገር ልበል። በጭቃ የሚቆፍር ሮታሪ (እየተሽከረከረ የሚቆፍር መሳሪያ) ከሆነ ናሙናው ከታች ወደ ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፣ ደቃቁ ሸክላም ከጭቃው ጋር ይቀላቀልና ወንፊት ላይ የሚቀረው አሸዋ ብቻ ይሆናል፣ ኦፕሬተሩም ያየውን "አሸዋ" ብሎ ይጽፋል። አንዴ አንድ ሰፈር ሶስት የተለያየ አለት አለ ብዬ ሳምንት ጨርሻለሁ፣ በኋላ ሳጣራ ሶስት የተለያዩ ኦፕሬተሮች ነበሩ እንጂ ድንጋዩ አንድ ነው፣ አንዱ "ጥቁር ድንጋይ" ሌላው "ጠንካራ" ሶስተኛው "ባዛልት" ይሉታል። በቆፋሪ ስም ሶርት አድርገህ እየው።

ሎግ_ሰብሳቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ሌሊቱን ወረቀት ስገለብጥ አደርኩ። ጋሼ ያልከው ነው፣ ከ64ቱ 27ቱ አለት አልነኩም፣ የ31 ሜትሩ መጨረሻው መስመር "ውሃ በቂ፣ ቆመ" ነው የሚለው። እኔ ነኝ አለት ያደረግኩት። አንዱ ላይ ደግሞ 12 ሜትር ላይ "አለት" ይልና 14 ላይ ተመልሶ "አሸዋና ጠጠር" ይላል፣ ይሄስ?

እህተ_ጠጠር፦
ቦልደር ነው በለው። አለት የሚባለው ገብተህበት ሳትወጣ ስትቀር ነው፣ ሁለት ሜትር በስቶ የወጣ ትልቅ ድንጋይ ነው።

ፍሰት፦
ዘግይቼ መጣሁ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት ሞዴል ሰው ነኝ። ስለ አለቱ ብዙ ተባለ፣ ጥያቄው ግን የት ይቆፈር ብቻ አይደለም፣ ቆሻሻ የት አይደፋም የሚልም አለው። ለሱ የሚያስፈልገው የሸክላው ቀዳዳ ነው። ዳርሲ በ1856 ያሳተመው ህግ ቀላል ነው፣ የውሃው ፍሰት የቁሱ አስተላላፊነት ሲባዛ በውሃው ተዳፋት ነው፣ አስተላላፊነቱ ግን ከቁስ ቁስ የሚለያየው በሺህና በሚሊዮን እጥፍ ነው። አሸዋ 0.0001 ሜትር በሰከንድ ቢሆን፣ ተዳፋቱ በ1000 ሜትር 5 ሜትር፣ በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል ያለው ባዶ ቦታ 25 በመቶ፣ ውሃው በዓመት 63 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። በዛው ተዳፋት የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ በሰከንድ የሚያሳልፍ ሸክላ ውስጥ ግን በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ 10 ሜትር ሸክላ አለ ብለህ ብትተኛና አንድ ቦታ የድሮ ወንዝ በልቶት አሸዋ ሞልቶት ቢሆን፣ ቆሻሻው በዛ መስኮት ነው የሚወርደው። ያንን መስኮት ደግሞ ኢንተርፖሌሽን አለስልሶ ይደፍንልሃል። ለዚህ ነው ለስለስ ያለ ካርታ የማልወደው።

ሸክላውን "ውሃ የለውም" ብለህም አትናቀው። ካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ ውስጥ ሜንዶታ አጠገብ ከ1925 እስከ 1977 መሬቱ ወደ 9 ሜትር ገደማ ሰምጧል፣ ከአሸዋው ውሃ ሲሳብ በመሃል ያለው ሸክላ እየተጨመቀ ነው፣ ሸክላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ውሃው ቢመለስ እንኳን መሬቱ እንደነበረ አይነሳም። የመሬት አጠቃቀም ፕላን ነው ካላችሁ የሸክላ ውፍረት ካርታ ለብቻው ይውጣ።

1፡250,000 ካርታህን በተመለከተ፣ ካርታው ላይ አንድ ሚሊሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ነው። በእስክሪብቶ ወፍራም መስመር ላይ የሰው ማሳ ይተኛል። አጉልተህ ድንበር እንዳትሰራበት።

ደረቅ_ጉድጓድ፦
ፍሰት የሚለው መስኮት በጉድጓድ ብቻ አይገኝም፣ 400 ሜትር ተራርቀው የሚገኙ ጉድጓዶች መሃል 50 ሜትር መስኮት ማን ያየዋል። ዴንማርኮች ከ1999 እስከ 2015 የአገሪቱን 40 በመቶ የሚሆን መሬት የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ ሲሰሩ ሄሊኮፕተር ላይ ኤሌክትሮማግኔቲክ መሳሪያ አንጠልጥለው በጉድጓዶች መሃል ያለውን የቃኙት ለዚህ ነው።

ሎግ_ሰብሳቢ፦
ሄሊኮፕተሩ ይቅርብን ጋሼ፣ ሬዚስቲቪቲ መሳሪያ (መሬት ውስጥ ከረንት ልኮ መሬቱ ምን ያህል እንደሚከለክለው የሚለካ) የሚያከራይ አለ፣ ቆሻሻ መድፊያ የታሰበበት ቦታ ላይ ሶስት መስመር ብንሰራስ? አዲሱ የአለት ካርታ ወጥቷል፣ ፈንጣጣው ጠፍቷል፣ በስተምስራቅ ግን ጉድጓድ ስለሌለ ነጭ ትቼዋለሁ፣ አለቃዬ "ሙላው እንጂ፣ ያልጨረስን ይመስላል" አለኝ።

ፍሰት፦
አትሙላው። ግድ ካለህ በሰረዝ አስምርና "ጉድጓድ የለም" ብለህ ጻፍበት። ሶስት መስመር በቂ ነው፣ አንዱ ግን ሎግ ያለው ጉድጓድ አጠገብ ይለፍ፣ ካለዚያ መሳሪያው 20 ኦም ሜትር (የሬዚስቲቪቲ መለኪያ) ያነበበበት እርጥብ ሸክላ ይሁን ጨዋማ ውሃ የያዘ አሸዋ መለየት አትችሉም።

እህተ_ጠጠር፦
መሬቱ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሮዶቹ ስር የጨው ውሃ አፍስሱ፣ አለበለዚያ ከረንቱ አይገባም፣ እኛ አንዴ ግማሽ ቀን መሳሪያው ተበላሽቷል ብለን ኬብል ስንፈትሽ ውለናል።