ነቢይ የሚናገረው እውነት ሆኖ የሚያዘው ከእግዚአብሔር ቃል ሲጋጭስ?

ሰላም ወገኖች፣ በጌታ ፍቅር እርዱኝ። ታላቅ እህቴ የምትሄድበት የጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ ነቢይ አለ፣ ልጅ ሆና የታመመችውን ህመም ማንም ሳይነግረው ነገራትና ከዛ በኋላ የሚላትን ሁሉ ትቀበላለች። አሁን ደግሞ "በረከትሽን የያዘችው እናትሽ ናት፣ ከሷ ጋር አታውሪ" ብሏት የእማዬን ስልክ ብሎክ አደረገችው። እማዬ እኮ በየማለዳው ስሟን እየጠራች የምትጸልይላት ሴት ናት!

ዘጸአት 20፥12 "አባትህንና እናትህን አክብር" ይላል ስላት "1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20ን አንብብ፣ ትንቢትን አትናቁ ይላል" አለችኝ፣ ቀጥሎ ቁጥር 21 ላይ "ሁሉን ፈትኑ" እንደሚል ባሳያትም የነገረኝ ልክ ነበር ብላ ዘጋችው። ዘዳግም 18፥22 ስላልተፈጸመ ትንቢት ነው የሚያወራው፣ ምዕራፍ 13 ደግሞ ምልክቱ ቢደርስም አትስሙት የሚለው ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራውን ነው፣ ይሄ ሰውዬ ግን በኢየሱስ ስም ነው የሚናገረው። እኔም በትንቢት ስጦታ አምናለሁ፣ ጸቤ ከስጦታው ጋር አይደለም። እህቴ ሳትቆጣ ቁጭ ብላ ራሷ እንድትመረምረው ከየትኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ልጀምርላት?