ሲረሱ የከረሙ የቤት አበቦች ተረከብኩ፣ ምን ምን እንደሆኑና ከየቱ እንደምጀምር እርዱኝ

ለምለም፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ዘመዴ ቤት ሲቀይር አበቦቹን በሙሉ ለኔ ትቶልኝ ሄደ፣ ከዛ በፊትም ለብዙ ጊዜ ዞር ብሎ ያያቸው ያለ አይመስልም። እኔ ስለ አበባ ያን ያህል አላውቅም ግን የምር እንዲሞቱ አልፈልግም። እስካሁን ምንም አልነካሁም፣ እሱ ግን ከመውጣቱ በፊት ሁሉንም ውሃ አጠጥቻቸዋለሁ ብሏል። ፎቶ አልጫን ስላለኝ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛው ቀጥ ብሎ የሚቆም ረጅም ጠንካራ ቅጠል ነው፣ መሀሉ ዝንጉርጉር አረንጓዴ ዳርና ዳሩ ቢጫ፣ ሁለቱ ቅጠሎች ግን ከታች ለስልሰው ወድቀዋል ሲነኩም ይሸታሉ፣ የተተከለበት ፖት ደግሞ ከስሩ ቀዳዳ የለውም። ሁለተኛው ወፍራም ቅጠሎቹ ክብ ሰርተው የተደራረቡ ሰክለንት (ውሃ በቅጠሉ የሚያጠራቅም ተክል) መሰለኝ፣ ግን ግንዱ ተመዞ ቅጠሎቹ ተራርቀው ወደ መስኮቱ አጋድሏል፣ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ምናምን አለው። ሦስተኛዋ ትንሽዬ ዛፍ ነገር ናት፣ ግንዷ ወፍራም ቅጠሎቿ ሞላላ፣ አሁን ተጨማደው ሳስተዋል፣ አፈሯም ከፖቱ ጎን ሸሽቶ ክፍተት ፈጥሯል። አራተኛው ባለ ሦስት ማዕዘን ቁመታም እሾሃም ነው፣ ካክተስ ብዬዋለሁ፣ ጫፉ ተሰብሮ ነጭ ወተት እየወጣው ነው። አምስተኛው ሐረግ ነው፣ ቅጠሎቹ የልብ ቅርጽ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርተው መሀሉ ባዶ ግንድ ሆኗል፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጉያ ላይ ደግሞ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል።

ሁሉንም ዛሬውኑ አፈር ልቀይርላቸው? ማዳበሪያስ?

ቀንበጥ፦
እህቴ ሳትነኪ መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። ተረስቶ የቆየ ተክል ያን ሁሉ ጊዜ ችሎ ከርሞ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ልናድነው ስንጣደፍ ነው፣ በአንድ ቀን ውሃው ማዳበሪያው አዲስ አፈሩ ቀጥታ ፀሐዩ ይወርድበታል፣ የተዳከመ ስር ደግሞ ያን ሁሉ አይችልም። ማዳበሪያውን ለጊዜው እርሺው፣ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምሩ ይደርሳል። ውስጡ ያለው ጨው የደረቀ ስር ላይ ሲያርፍ ያቃጥለዋል።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ እያንዳንዱ የተጎዳው በጥም ነው ወይስ በውሃ ብዛት የሚለውን ነው፣ ሁለቱም ስለሚያጠወልጉ ከሩቅ ሲያዩት ያሳስታል። ሰክለንት ከሆነ ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዢና ቀስ ብለሽ ጫን በዪው፤ የተጠማ ቅጠል ይሳሳል ይጨማደዳል ግን በቀላሉ አይረግፍም፣ ውሃ የበዛበት ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ ይሆንና ገና ሲነኩት ውልቅ ይላል። ከዛ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ፖቱ ታች ድረስ አስገብተሽ ትንሽ አቆዪውና አውጪው፣ ረጥቦ ወይ አፈር ይዞ ከወጣ ላዩ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ውሃ አለ።

አሁን ወደ ስማቸው። አንደኛው ስኔክ ፕላንት ነው፣ ዳሩ ቢጫ የሆነው ዓይነት። ስታነቢ ሳንሴቬሪያም ድራሲናም ሲሉት ታገኛለሽ፣ ሁለቱም እሱው ነው፣ ሳይንቲስቶች ከድራሲና ወገን ስለቀላቀሉት ነው ሁለት ስም የያዘው። ከታች ለስልሶ ከሸተተ ስሩ በስብሷል፣ ቀዳዳ የሌለው ፖት ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞበት ነው፣ ስለዚህ መጀመር ያለብሽ ከሱ ነው ዛሬውኑ። ከፖቱ አውጪው፣ አፈሩን አራግፊ፣ ስሩን በጣትሽ እየዳሰስሽ ደህናውን ከበሰበሰው ለዪ።

ሁለተኛው ኤቼቬሪያ ይመስለኛል። ብርሃን ሲያንሰው ነው እንደዛ የሚመዘዘው፣ አንዴ የተመዘዘ ግንድ ተመልሶ አያጥርም፣ መፍትሄው አናቱን መቁረጥ ነው። ከአናቱ በታች 3 ወይ 4 ሳንቲሜትር ግንድ አስቀርተሽ በንጹህ ቢላ ቁረጪ፣ ጥላ ቦታ አስቀምጪና ቁስሉ እስኪጠግግ ከ3 እስከ 7 ቀን ጠብቂ፣ ከዛ ደረቅ አፈር ላይ አቁሚው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስር ይሰዳል። የቀረውን ጉቶ እንዳትጥዪ፣ ከጎኑ አዳዲስ ያወጣል። ነጩ ዱቄት ደግሞ ከፀሐይ የሚከላከልበት የራሱ ሰም ነው፣ አትጥረጊው፣ ከተጠረገው ቅጠል ላይ ተመልሶ አይመጣም።

ሦስተኛዋ ጄድ ናት፣ ክራሱላ ኦቫታ የሚሏት። ከነገርሽን ሁሉ የምትተርፍ የምትመስለኝ እሷ ናት። አፈሩ በጣም ሲደርቅ ይጨማተርና ውሃ አልቀበል ይላል፣ ከላይ ያፈሰስሽው በዛ ክፍተት ሾልኮ በፖቱ ታች ይወጣል፣ ዘመድሽ አጠጥቻለሁ ያለው እውነቱን ነው ግን ስሩ ጋ አልደረሰም። ፖቷን ሰፊ ሳህን ላይ ውሃ ሞልተሽ አስቀምጫት፣ ከታች ወደ ላይ እንድትጠጣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከዛ በደንብ ይንጠፍጠፍ። ቅጠሎቿ ወዲያው ካልሞሉ አትደንግጪ፣ መጀመሪያ አዲስ ቀጫጭን ስር ማውጣት አለባት።

የበረንዳው፦
እኔ ብሆን ሁሉንም አፈራቸውን አራግፌ አዲስ ትልልቅ ፖት ውስጥ ነበር የምተክላቸው፣ ከስር ጠጠር ደልደል ማድረግ ነው ውሃው እንዲወርድ፣ ከዛ ፀሐይ ላይ ማውጣት። ሁሌ ጨለማ ውስጥ የቆዩ ስለሆኑ ፀሐይ ነው የናፈቃቸው።

እማ አትክልት፦
ልጄ የበረንዳው ጥሩ አስበሃል ግን ጠጠሩ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ጠግቦ መያዝ ሲያቅተው ነው፣ ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ከፍ አድርጎ ወደ ስሩ ያስጠጋዋል። ቀዳዳው ይኑር እንጂ ጠጠሩ ይቅር። ፖቱም ትልቅ አይሁን፣ ትልቅ ፖት ማለት ስሩ ያልደረሰበት ብዙ እርጥብ አፈር ማለት ነው፣ ከስሩ 2 ወይ 3 ሳንቲሜትር ብቻ ሰፋ ይበል። ለነዚህ ወፍራም ቅጠል ላላቸው የተለመደውን የአበባ አፈር ግማሹን በፐርላይት (አፈር የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር) ወይ በሻካራ አሸዋ አደባልቂው፣ ደቃቁን አሸዋ ግን ተዪው አፈሩን ያጠብቀዋል።

ፀሐዩንም ቀስ ነው ልጄ። ጥላ የለመደ ቅጠል ድንገት ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከወጣ ያርና ነጭ ወይ ቡናማ ጠባሳ ይይዛል፣ ጠባሳው ደግሞ መቼም አይለቅም። መጀመሪያ ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ፣ ከዛ የጠዋት ፀሐይ በትንሽ በትንሹ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፍጅ።

ለለምለም ስለ ወተታሙ ልንገርሽ ምክንያቱም ማንም አላነሳውም ዋናው ደግሞ እሱ ነው። ጠጋ ብለሽ እሾሁ የበቀለበትን ቦታ ተመልከቺ። ካክተስ ሁልጊዜ እሾሁ የሚወጣው ከትንሽ ፀጉራም እብጠት ላይ ነው፣ ያ እብጠት ከሌለውና እሾሁ ሁለት ሁለት ሆኖ ከጠርዙ ላይ በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ ዩፎርቢያ ነው፣ የቁልቋል ወገን ነው በቃ። ወተቱ ብቻውን አያረጋግጥም ምክንያቱም ወተት ያላቸው ካክተሶችም አሉ። ባለ ሦስት ማዕዘን ከሆነና ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቅጠል ካለው ዩፎርቢያ ትሪጎና የሚባለው ሊሆን ይችላል። ያ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ነው፣ ቶሎ በብዙ ውሃ እየታጠቡ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ጓንት አድርጊ፣ ዓይንሽን አትነካኪ፣ ልጆችና ድመት ከማይደርሱበት አርቂው። የተሰበረውን ቦታ ውሃ እርጭ ስታደርጊበት ወተቱ ያቆማል፣ ከዛ በራሱ ይደርቃል፣ ሌላ ምንም አይፈልግም።

ለምለም፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እማ በተለይ ስለ ወተቱ በጊዜ ነገሩኝ። እብጠት የለውም፣ እሾሁ ሁለት ሁለት ነው፣ ጠርዙ ላይም ትንንሽ ቅጠል አለው።

ስኔክ ፕላንቱን አወጣሁት። አብዛኛው ስር ቡናማ ነው፣ ሳብ ሳደርገው ቆዳው ሙልጭ ብሎ ይወጣና መሀል ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ግን ከአፈሩ ስር አግድም የሄደ ወፍራም ነገር አለ፣ ግማሹ ቡክት ብሏል፣ በአንዱ በኩል ደግሞ ጠንካራ ነው ሲቆረጥም ውስጡ ነጣ ያለ፣ ሁለት ደህና ቅጠሎች ተያይዘውበታል። ምን ላድርገው? የወደቁትንስ ቅጠሎች መትከል ይቻላል? ጥጥ የመሰለውን ነገርም አልነገራችሁኝም።

ቀንበጥ፦
ያ ወፍራሙ ነገር ከመሬት ስር የሚሄድ ግንዱ ነው፣ እሱ ጠንካራ ከሆነ ተክሉ አለ። የቡከተውን በሙሉ ቁረጪና ጣዪ፣ ቢላውን በየመሀሉ በአልኮል እየጠረግሽ፣ ውስጡ ቡናማ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ደህናው ግቢበት፣ ትንሽም ከቀረ ብስባሹ ይቀጥላል። ከዛ ቁስሉ ይጠግግ ጥቂት ቀን፣ ባለ ቀዳዳ ፖት ውስጥ ደረቅ አፈር ላይ ትከዪው፣ ውሃ ደግሞ ከሳምንት በኋላ። ያለ ስር እንዴት ይቆያል ብለሽ አትጨነቂ፣ ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቀመው ውሃ አለ።

የወደቁት ቅጠሎች ከላይ ደህና ክፍል ካላቸው ከብስባሹ ከፍ አድርገሽ ቆርጠሽ መትከል ይቻላል፣ የታችኛው ጫፍ ወደ ታች እንደሆነ ይቆይ፣ ከተገለበጠ ስር አያወጣም። ወራት ይፈጃል፣ አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ከቅጠል የሚወጣው አዲስ ልጅ ቢጫውን ዳር ይዞ አይወለድም፣ ሙሉ አረንጓዴ ነው የሚሆነው። ቢጫውን የሚያስቀጥለው ያ ጠንካራው የመሬት ስር ግንድ ብቻ ስለሆነ ተንከባከቢው።

ሐረጉ ወይ ፖቶስ ወይ ፊሎደንድሮን ነው፣ ለመለየት የቅጠሉን እጀታ በጣትሽ ዳስሺው፣ ላዩ ላይ ቦይ ካለው ፖቶስ ነው፣ ክብ ከሆነና አዲሱ ቅጠል በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚወጣ ከሆነ ፊሎደንድሮን። እንክብካቤያቸው አንድ ነው፣ ሁለቱንም ማኘክ አፍ ስለሚያሳክክ ከልጅና ከእንስሳ አርቂ። ባዶ የሆነው ግንድ በየአንጓው ሕይወት አለው፣ አንጓ አንጓውን ይዘሽ ቁረጪና ውሃ ውስጥ አስቀምጪ፣ አንጓ የሌለው ቅጠል ብቻውን ግን ስር ቢያወጣም አዲስ ተክል አይሆንም። መቁረጡ ግን ተባዩ ከጠፋ በኋላ ይሁን።

ጥጡ ሚሊባግ የሚባል ተባይ ነው፣ ጭማቂ የሚመጥ። ሐረጉን ዛሬ ከሌሎቹ ለዪው፣ ሌላ ክፍል ቢሆን ደስ ይለኛል። 70 ፐርሰንት አልኮል በጥጥ እየነከርሽ እያንዳንዱን ጉያና የቅጠሉን ጀርባ ጥረጊ፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረሽ እይ። አንዴ ተጠርጎ አያልቅም፣ እንቁላሉ እየተፈለፈለ ስለሚወጣ በየሳምንቱ ቢያንስ ለአንድ ወር ደጋግሚው፣ ካልጠፋ ስሩ ላይም ሊኖር ስለሚችል አውጥተሽ ተመልከቺ።

ለምለም፦
ገባኝ፣ ተባረኩ። ኤቼቬሪያው ላይም አንድ ሁለት ጥጥ ቢጤ አየሁ መሰለኝ፣ እሱንም በአልኮሉ ልጥረገው?

እማ አትክልት፦
ልጄ መጀመሪያ ለዪው፣ ዱቄቱ ቅጠሉን እኩል የሸፈነ ነው፣ ተባዩ ግን መሀል ላይ ተጠጋግቶ ሞላ ብሎ ይታያል በስንጥር ስትነኪውም ይንቀሳቀሳል ወይ ክር ይስባል። ተባይ ከሆነ ቅጠሉን በጥጥ አትጥረጊው፣ አልኮሉ ሰሙን ያጥብብሻል፣ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነክረሽ ተባዩ ላይ ብቻ ነካ ነካ አድርጊ፣ ምሽት ላይ ፀሐይ በሌለበት ሰዓት። አናቱንም ከመቁረጥሽ በፊት ይሄን ጨርሺ፣ ካለበለዚያ ተባዩን ይዞ ነው አዲሱ አፈር ውስጥ የሚገባው።